ጉሮሮ የሚለካው በያጅ

በጅግጅጋ ከተማ ሁለት የወንድማማች ልጆች ነበሩ። የአንደኛው አባት ነጋዴ ነው፤ በርበራ ወደብ ወርዶ፣ በሐርጌሳ አልፎ ቶጎ ውጫሌ የሚደርሰውን ዕቃ ተረክቦ ያከፋፍላል። የሁለተኛው አባት የሞተው ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነው፤ ልጁ ዛሬ ባጃጅ እየነዳ እናቱንና አያቱን ያኖራል። ኑሯቸው ቢራራቅም ማታ ማታ የሚያገናኛቸው ነገር ነበር፤ በአያታቸው ጓሮ ብረት ማንሳት።

መጀመሪያ ብረታቸው በየሰፈሩ የምናውቀው ዓይነት ነበር፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መሃሉ ላይ ቧንቧ ሰክተው ያደረቁት። እየቆየ የነጋዴው ልጅ ከአባቱ መጋዘን እውነተኛ ባር አመጣ፤ 220 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ባዶውን 20 ኪሎ የሚመዝን። ባለባጃጁም ከየጋራዡ ያረጀ የፍሬን ዲስክና ቮላኖ ለቅሞ፣ መሃሉን አስፍቶ አስበስቶ፣ ኪሎውን በቀለም ጽፎ ክብደቱን አሟላ። ባሩ ከአንዱ፣ ክብደቱ ከሌላው ሆነ።

አንዱ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ሲገፋ ሌላው ራስጌው ይቆማል። ባሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ካለ፣ የቆመው ልጅ እጁን ከሥር ይሰዳል። ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ ትንሽ ደገፍ ሲያደርገው ባሩ ወደ ላይ ይሄዳል። በእነዚያ ማታዎች ራክ የሚባል ብረት ትዝ ብሏቸውም አያውቅ።

በምን እንደተጣሉ ዛሬ ሁለቱም አጥርተው አይናገሩም። አንዱ “የምታነሳው እኮ የእኔን ባር ነው” አለ። ሌላው “ያለ እኔ ክብደት ባርህ የመጋረጃ ብረት ነው” አለ። በማግሥቱ አንዱ ባሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ፤ ሌላው ክብደቱን አልጋው ሥር ከተተ። ባር ያለ ክብደት፣ ክብደት ያለ ባር ቀረ። ሁለቱም የጎደለውን ለየብቻ ለመግዛት፣ ለየብቻም ቤታቸው ውስጥ ጂም ለመሥራት ወሰኑ።

የነጋዴው ልጅ ችግር አልነበረበትም። አባቱ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከመጣ ዕቃ መሃል ሁለት የሚያብረቀርቁ ቋሚዎች አወጣለት፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የሚቆሙ፣ ጫፋቸው ላይ ባር የሚቀመጥበት ሹካ ያላቸው። መስታወት ፊት ሲተከሉ ያምራሉ። ነጋዴው ወጣቱ እንደወደዳቸው ሲያይ ብዙ ጥንድ አስመጣ። በጅግጅጋ ሸጠ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው ቀብሪ በያህ ሸጠ፤ ድሮ ተፈሪ በር ይባል በነበረው አውበሬም ሸጠ። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም። ብረቱ ብረት ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ባሩ ከሹካው ከተነሳ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ግን የጠየቀው ገዢ አልነበረም፤ እሱም አላሰበበትም።

ስለ ራክ ጥቂት ልበል። ራክ ማለት አራት ቋሚዎች ተያይዘው የሚሠሩት፣ ሰው መሃሉ ገብቶ የሚያነሳበት የብረት ቤት ነው። ከፊት ባሩን የሚሸከም መንጠቆ አለው። ከጎንና ከጎን ደግሞ ሁለት አግድም ብረቶች አሉት፤ አንሺው ሲያቅተው ባሩ በሰውየው ላይ ሳይሆን በእነሱ ላይ እንዲያርፍ። የዚህ ታሪክ በያጅ እነዚህን ሁለት ብረቶች መከታ ይሏቸዋል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁላቸውም። ነገሩ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። በአሜሪካ ዮርክ ባርቤል የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ራክ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካዋ ጆርጂያ ልጅ ፖል አንደርሰን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፣ ክብደቱን በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሞ ያነሳ ነበር። ሲደክመው ባሩ የሚያርፈው መሬት ላይ እንጂ እሱ ላይ አይደለም። እየጠነከረ ሲሄድ አፈር እየመለሰ ጉድጓዱን ያሳንሰው ነበር። ይህ ሰው በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በከባድ ሚዛን ወርቅ ወሰደ። ራክ ያልነበረው ሰው ሲያቅተው ባሩ የሚያርፍበትን ቦታ በጉድጓድ ማግኘቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይነካል።

ባለባጃጁ ወደ ካራማራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ብየዳ ቤት ሄደ። በያጁ ከሐረር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በርና መስኮት፣ የባጃጅ ሻንሲ፣ የውሃ ቦቴ ሲበይዱ ነው የኖሩት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው።

“ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ራክ ይሥሩልኝ። ላዩ ላይ መንጠልጠያ ብረት ይኑረው፤ ግንባሩ ላይ ስሜን በላሜራ ቆርጠው ይበይዱልኝ። ጥቁር ቀለም ይሁን።”

“ቆንጆ ነው። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩበት?”

“ብቻዬን ነኝ።”

ሽማግሌው የብየዳ መነጽራቸውን አወለቁ። “እንግዲያው እዚህ ተጋደም። ጉሮሮህን ልለካ።”

ልጁ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። አልቀለዱም። አግዳሚ ላይ በጀርባው አስተኝተው ከመሬት እስከ ጉሮሮው በሜትር ለኩ፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመሩ። ቀጥለው “አሁን ልትገፋ ስትል እንደምታደርገው ደረትህን ንፋ፣ ወገብህን ከፍ አድርግ” አሉትና እስከ ደረቱ ጫፍ ለኩ፤ ሌላ መስመር አሰመሩ። በሁለቱ መስመሮች መሃል የቀረው ጥቂት ጣት ነው።

“አየኸው? ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። መከታው ከላይኛው መስመር በላይ ከሆነ ባሩ ደረትህን ሳይነካ ይጋጭብሃል፤ ትሰለችና መከታውን ነቅለህ ትጥለዋለህ። ከታችኛው በታች ከሆነ ደግሞ ባሩን የሚያቆመው አንገትህ ነው። እዚህ መሃል ከሆነ ግን ሲያቅትህ ትንፋሽህን ትለቃለህ፤ ወገብህ አግዳሚውን ይይዛል፣ ደረትህ ይወርዳል፣ ባሩ ብረቱ ላይ ይቀራል። ተንሸራተህ ትወጣለህ።”

“ቀዳዳውስ በየስንት ይበሳል?” አለ ልጁ። ማሰብ ጀምሯል።

“ብዙ ጊዜ በየ5 ሴንቲ ይበሱታል። ቆመህ ለምትሠራው ስኳት ይበቃል። ተኝተህ ለምትገፋው ግን 5 ሴንቲ ይህን ጠባብ ቦታ ሊዘለው ይችላል። በደረት አካባቢ በየ2 ሴንቲ ተኩል ነው የምበሳው። የግራና የቀኙን ቱቦላሬ በሞርሳ አንድ ላይ አስሬ በአንድ ትራፓኖ ካልበሳኋቸው ደግሞ አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ይዛነፋል፤ ባርህም ዕድሜህን ሙሉ አዘንብሎ ይቀመጣል።”

ከዚያ ሂሳብ መጣ፤ የልጁ ገንዘብም አልበቃም። ሽማግሌው እርሳስ አንስተው ወረቀቱ ላይ መሰረዝ ጀመሩ። ስሙን ሰረዙ። መንጠልጠያውን ሰረዙ። የክብደት መስቀያ ጆሮዎቹን ሰረዙ። ጥቁሩን ቀለም ሲሰርዙ ልጁ ተከራከረ።

“ሳይቀባ ውሰደው” አሉ። “ቀለም የመጥፎ ብየዳ ጓደኛ ነው። እኔ የበየድኩትን እንኳ ሳታይ አትመነኝ፤ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በጣትህ ዳስስ፣ ቀዳዳና ስንጥቅ ፈልግ። አንድ ወር ሠርተህበት ካልነቃነቀ ያኔ አንቲሩስትህን ቀባ። ተሠርቶ የመጣ ራክ የምትገዛ ከሆነም የቋሚውን የፕላስቲክ ክዳን ንቀለውና አፉን እይ። ቱቦላሬ ውፍረቱ የሚታየው አፉ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት የ1 ሚሊ ተኩሉና የ3 ሚሊው አንድ ናቸው።”

“ቱቦላሬውን የ2 ሚሊ እናድርገውና መንጠልጠያው ይግባልኝ?”

“ለአንተ ክብደት የ2 ሚሊውም ቆሞ ይሸከም ይሆናል። ግን የተቀመጠ 100 ኪሎና የወደቀ 100 ኪሎ አንድ አይደሉም። ወድቆ የሚመጣው ከኪሎው በላይ ይመታል። እኔ የምሠራልህ ለሚወድቀው ነው። መንጠልጠል ካማረህ ካራማራ ላይ ዛፍ አለ።”

መከታዎቹ ላይ እርሳሳቸው አላረፈም። ልጁ ወደዚያ መስመር ሲያይ ግን ገባቸው። “ከዚህ ቀንስ ካልከኝ ሌላ በያጅ ፈልግ” አሉት።

ተስማሙ። ቁመቱን ደግሞ የልጁን ቤት መጥተው ካዩ በኋላ 190 ሴንቲ አደረጉት፤ ቆርቆሮው በአንድ ወገን የሚወርድ ቤት ነውና ረጅሙ ራክ ጥግ ላይ ጣሪያ ይነካ ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ ቀረ።

“ባርህን አምጣና ልለካው።”

ልጁ ዝም አለ።

“በዓለም አቀፉ ልክ ክብደት በሚሰካባቸው በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው 131 ሴንቲ ነው። ራኩ ከዚያ መጥበብ አለበት፤ አለዚያ ባሩ አይቀመጥበትም። ግን በዚህ በኩል የሚመጣው ሁሉ ልክ አይጠብቅም። ባሩን ሳላይ ብረት አልቆርጥም።”

“ባሩ ያለው ከአጎቴ ልጅ ጋር ነው” አለ ልጁ።

“እንግዲያው ራክህም ያለው እዚያ ነው” አሉና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ልጁ ቤት ሄዶ ነገሩን ለአያቱ አወራ። ስለ ቱቦላሬውም ስለ ሚሊውም አልሰማችውም። “ጉሮሮህን ለካ?” አለች። “ጉሮሮህን?” እየደጋገመች ሳቀች። ከዚያ በጅግጅጋ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የገራድ ዊል ዋልን ታሪክ አነሳች፤ ያ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ የተጠራው የሶማሌ ገዢ።

ገራድ ዊል ዋል አንድ ቀን ወንዶቹን ሰብስቦ “ሰውን ከሰው አንድ የሚያደርገውን፣ ደግሞም ሰውን ከሰው የሚለያየውን የበግ ብልት አምጡልኝ” አለ። ያለው ሁሉ የመሰለውን አረደ። አንዱ ላት ይዞ መጣ፣ አንዱ ጎድን፣ አንዱ ጉበት። አንድ ድሃ ግን ያለችው በግ ጥቂት፣ የሚመግበው ልጅ ብዙ ነበርና ምኑን ወስጄ ምኑን ልተውላቸው ብሎ ተጨነቀ። ሴት ልጁ “አባባ፣ ጉሮሮውን ውሰድ” አለችው። አፍሮ እየፈራ ወሰደው። ዊል ዋል የፈለገው እሱን ነበር። ለብቻው የሚውጥ ጉሮሮ ወንድማማች ያጋድላል፤ ከሌላው ጋር የሚካፈል ጉሮሮ ባዕድ ያዛምዳል። ገራዱ መልሱ የድሃው እንዳልሆነ ገብቶት “ይህን ማን ነገረህ?” ብሎ ጠየቀ፤ ልጅቱንም አከበራት።

“በያጁ የማንን ጉሮሮ ነው የለካው?” አለች አያቱ።

“የእኔን።”

“የእሱንስ?”

ልጁ መልስ አልነበረውም። ይህን ክፍል ስጽፍ አሮጊቷ ብዙ ብትናገር ደስ ባለኝ ነበር፤ አልተናገረችም። ሻይዋን ቀዳች፣ ለእሱም ቀዳችለት።

በማግሥቱ ልጁ የነጋዴው ቤት በር ላይ ባጃጁን አቆመ። የአጎቱ ልጅ ወጣ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። “ባሩን ለአንድ ሰዓት አውሰኝ፤ በያጁ ሊለካው ነው” አለው። የነጋዴው ልጅ ጥቂት አመነታና “አብሬ እመጣለሁ፣ ባሬን ለማንም አልሰጥም” አለ። ባሩ ባጃጅ ውስጥ አይገባም፤ ጫፉ ከኋላ ወጥቶ፣ ባለቤቱ በሁለት እጁ እንደያዘው የጅግጅጋን ነፋስ እየሰነጠቁ ሄዱ።

ሽማግሌው ባሩን ለኩ። 131 አልሞላም፤ 129 ነበር። “እንዳልኩህ” አሉና ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ልጅ ዞሩ። “ቁመትህ ከእሱ ይበልጣል። አንተም ተጋደም።”

“የሚሠራው ለእሱ ነው” አለ ልጁ።

“ለእሱ ብቻ ከሆነ ለመተኛው አንድ ጥንድ፣ ለስኳቱ አንድ ጥንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ የፑንታም የጉልበትም ሂሳብ ይቀንስለታል።” ባለባጃጁን አዩት። “አንተ ነህ ባለ ሥራው። ስንት ቀዳዳ ልብሳ? ለአንተ የማይሆነው ቀዳዳ ሁሉ ለሌላ ሰው ነው የሚበሳው።”

ባለባጃጁ የአጎቱን ልጅ ሳያይ “ደረቱ ከእኔ ከፍ ይላል፣ አንገቱም ወፍራም ነው” አለ። “በየ2 ሴንቲ ተኩል ይብሱት፤ ሙሉውን።”

የነጋዴው ልጅ ተጋደመ። ግድግዳው ላይ ከፊተኞቹ ሁለት መስመሮች ጎን ሌሎች ሁለት ተሰመሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነጋዴው ልጁን ፍለጋ መጣ። ሌላም ጉዳይ ነበረው። “ወንድሜ፣ እኔ ያመጣኋቸው ቋሚዎች ሲሚንቶው ላይ ይነቃነቃሉ ይሉኛል። በፊሸር መሬት ላይ ብታስርልኝ ስንት ትጠይቀኛለህ?”

“መነቃነቁን ፊሸር ያቆመዋል” አሉ በያጁ። “እሱ ቀላሉ ነው። አንተ ግን ከሸጥከው ዕቃ ሥር ተኝተህ ታውቃለህ?”

ነጋዴው ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ እየሳቀ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ሁለቱ ልጆች ባዶውን ባር ግራና ቀኝ ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት፤ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ክብደቱን ራሳቸው ተሸክመው አቆሙት። ብረቱ ብቻ ነካው።

“በል ተነስ።”

ነጋዴው እጁን ወደ ባሩ ላከ። ሽማግሌው ያዙት። “እጅህን ተው። እጅህ የደከመበትን ቀን ነው የምናወራው።”

አንገቱን ወደ ግራ ሞከረ፤ ወደ ቀኝ ሞከረ። “ስንት ኪሎ ነው ይሄ?”

“ባዶው 20። ልጅህ የሚያነሳው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው፤ በሩን ዘግቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ።”

ልጆቹ ባሩን አነሱት። ነጋዴው ተነስቶ ተቀመጠ፤ አንገቱን እየዳበሰ ልጁን አየ። “ብቻህን ነው የምትሠራው?”

“አዎ።”

“ሲያቅትህ ምን ታደርጋለህ?”

“ክብደቱ ላይ ማሰሪያ አላደርግም። ወደ አንድ ጎን ሳዘነብለው ክብደቱ ተንሸራቶ ይወድቃል።”

“እሱም መከታ የሌለው ሰው ዘዴ ነው” አሉ በያጁ። “ሲሳካ ጥሩ ነው። አንዱ ጎን ቀድሞ ሲራገፍ ግን ባሩ በሌላው በኩል ይወረወራል፤ ያኔ ደግሞ በአካባቢው ያለ ልጅ ወይ እንስሳ ወዮለት።”

ነጋዴው ከአግዳሚው አልተነሳም። በንግድ ያረጀ ሰው ነውና ልቡ ወዲያው ወደ ቆጠራ ሄደ፤ በየትኛው ከተማ ስንት ጥንድ እንደሸጠ፣ ለማን እንደሸጠ። ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ ቀብሪ በያህ መጠለያ የሚኖሩ ስደተኛ ልጆች ናቸው፤ አዋጥተው ነው የገዙት። እነሱ ብዙ ስለሆኑ ራስጌያቸው የሚቆም ሰው አላቸው ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሞከረ። ማታ አንዱ ብቻውን ቢቀርስ?

“ለእነዚያ ቋሚዎች መከታ መበየድ ይቻላል?” አለ።

“ቋሚዎቹን በሥር በአግድም ብረት ታያይዛቸዋለህ፤ ከእያንዳንዱ ወደ ፊት የሚወጣ ክንድ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ከሥሩ ደገፍ የሚያደርገው እግር። እንደ ራክ አይሆንም፤ ግን ያቆማል። ዋጋውን ማን ይከፍላል?”

“እኔ።”

“ገዢዎቹም ይምጡ። ሳልለካ አልበይድም።”

“ከአውበሬ ድረስ?”

“ጉሮሯቸውን በስልክ አትነግረኝም መቼም።”

ነጋዴው ከሽርጡ መታጠቂያ ስልኩን አወጣ። ባለባጃጁ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ “አጎቴ፣ አውበሬዎቹን በእርስዎ ፒክአፕ፣ የከተማዎቹን እኔ በባጃጄ አመላልሳለሁ” አለው። ነጋዴው በጭንቅላቱ እሺ እያለው ቀብሪ በያህ ደወለ። ብዙ ጠራ፣ በመጨረሻ ተነሳ።

“ወንድሜ፣ እኔ ነኝ፣ ብረቱን የሸጥኩልህ። ገንዘብ አይደለም፣ ስማኝ። ዛሬ ማታ እዚያ ብረት ሥር ብቻህን እንዳትተኛ። ጓደኞችህንም ንገራቸው። ነገ ጠዋት እኔው መጥቼ እወስዳችኋለሁ።”